500 ብር፣ ዋስና ሊማሊሞ፦ ውል በሰሜን ተራሮች ግርጌ እንዴት ወረቀት ሆነ?

የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 2472 ላይ አንድ አኃዝ ተቀምጣለች፤ 500 ብር። ከዚህ በላይ ገንዘብ አበድሬያለሁ የሚል ሰው ብድሩን ማስረዳት የሚችለው በጽሑፍ፣ ወይም ተበዳሪው ራሱ ፍርድ ቤት ቀርቦ ሲያምን፣ አለዚያም እዚያው ችሎት ፊት በሚፈጸም መሐላ ብቻ ነው። ሰባት ሽማግሌ ቢያቆም፣ ብሩ ሲቆጠር ያዩ ጎረቤቶች ቢሰለፉለት፣ ሕጉ «ወረቀትህ የታለ?» ይለዋል።

ሕጉ በ1952 ዓ.ም. ሲታወጅ 500 ብር ቀልድ አልነበረም። በጊዜው ምንዛሪ 200 የአሜሪካ ዶላር ገደማ ነው። ዳባት ወይም ደባርቅ ገበያ የወጣ ገበሬ በዚህ ገንዘብ በሬ ገዝቶ፣ ለቤቱም ሸምቶ፣ ተርፎት ይመለሳል። አርቃቂዎቹ መስመሩን እዚያ ላይ ሲያሰምሩ ሐሳባቸው ግልጽ ይመስለኛል፦ ትንንሹ የመንደር ብድር በቃልና በምስክር ይሂድ፣ ትልቁ ገንዘብ ግን ይጻፍ። ዛሬስ? ሐምሌ 2016 ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተወሰነ ወዲህ 500 ብር 5 ዶላር እንኳ አይሞላም። አኃዟ አልተነካችም፤ አቅሟ ግን ሟሟ። ለቃል ተትቶ የነበረው የመንደር ብድር በሙሉ፣ ፓርላማ ሳይሰበሰብ፣ አዋጅ ሳይወጣ፣ «ካልተጻፈ የለም» ወደሚለው ወገን ተሻገረ።

ይህ ለአዲስ አበባ ነጋዴ ያን ያህል ላያስጨንቅ ይችላል። በሰሜን ተራሮች ግርጌ ግን ለማዳበሪያ፣ ለሠርግ፣ ለተስካር፣ ልጅ ለማሳከም 20 ሺህና 30 ሺህ ብር ዛሬም በቃል ይሰጣል። የሕግ ተማሪዎች በመጀመሪያ ዓመታቸው የሚሸመድዷቸው የውል መርሆች ከየት መጡ፣ አገሬው ከነበረው ሥርዓት ጋር የት ተስማሙ፣ የትስ ተጣሉ የሚለውን ለማየት ደባርቅና ዳባት ጥሩ ቦታ ናቸው። ምክንያቱም ለዘመናት የነጋዴ መንገድ ነበሩ።

ከጎንደር ወደ ሰሜን 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲኬድ፣ ወገራንና ዳባትን አልፎ፣ ደባርቅ ላይ ደጋው ያልቃል። ከዚያ ወዲያ ሊማሊሞ ነው። ዛሬ ጣሊያን በቀደደው ጠመዝማዛ መንገድ መኪና ይወርድበታል፤ ድሮ በቅሎና አህያ ይወርዱበት ነበር። የጎንደር ነጋዴ ወርቅ፣ ዝባድ፣ ሰም፣ ቡና፣ የዝሆን ጥርስ፣ (ሳይደበቅ ይነገርና) ሰውም ጭምር እየነዳ በዚህ ገደል ወርዶ፣ በአዲ አርቃይ አልፎ፣ ተከዜን ተሻግሮ ወደ ዐድዋና ወደ ምጽዋ ይሄዳል፤ ጨርቅ፣ ዶቃ፣ ጠመንጃና አሞሌ ጨው ይዞ ይመለሳል። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1762 ዓ.ም. ከምጽዋ ወደ ጎንደር የመጣው በዚሁ መንገድ ነው። ሊማሊሞን «ላማልሞን» እያለ ጽፎታል፤ ከነጋዴው ቀረጥ የሚቀበሉ የኬላ ሰዎች እዚያ እንደነበሩም ያወሳል። ቆይቶ ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ሰሜንንም ትግራይንም አንድ ላይ ሲይዙ የዚህ መንገድ ትልቁ ክፍል በአንድ ሰው እጅ ገባ። የካቲት 1847 ደረስጌ ላይ በካሣ ኃይሉ እስኪሸነፉና ካሣም እዚያው ደረስጌ ማርያም ቴዎድሮስ ተብለው እስኪነግሡ ድረስ ማለት ነው።

እስቲ አሁን ነጋዴውን አስቡት። ክረምት ገብቶ ተከዜ ሲሞላ መንገዱ ይዘጋል። ዕቃውን በዱቤ የሰጠ ሰው ገንዘቡን የሚያየው ከወራት በኋላ ነው። ገንዘቡ ራሱ የኦስትሪያ ንግሥት መልክ ያለበት ጠገራ ብር፣ ዝርዝሩም አሞሌ ነው። ፖሊስ የለም፣ ውል አዋዋይ የለም፣ አብዛኛው ሰው አይጽፍም። ታዲያ ውሉ በምን ጸና?

በሰው ጸና። የተዋዋዮቹ ቃል ብቻውን ባዶ ነበር፤ ቃሉን የሚሸከም ሦስተኛ ሰው፣ ዋስ፣ መሐል ላይ ይቆማል። ተበዳሪው ቢጠፋ ዋሱ ይያዛል። ክርክር ቢነሳ ዳኛው ከሁሉ አስቀድሞ «ዋስ ጥራ» ይላል። ቃሉም በንጉሡ ወይም በአገሩ ጌታ ስም፣ «እገሌ ይሙት» ተብሎ ይታሰራል፤ ይህን ምሎ የካደ ሰው ነገሩ ከባላንጣው ጋር ብቻ አይቀርም፣ ስሙ ከተጠራው ጌታ ጋርም ይሆናል። ዋስ ያጣ ተበዳሪስ? ከአበዳሪው ጋር ነጠላ ለነጠላ ተቋጥሮ፣ ሲከፋም በሰንሰለት ተያይዞ፣ ዕዳው እስኪከፈል ወይም ዳኛ እስኪፈርድ አብሮ ይውላል፣ አብሮ ያድራል። ቁራኛ ይባላል። ዛሬ በሽታ የጣለውን ሰው «የአልጋ ቁራኛ» ስንል ሳናውቀው የድሮ የዕዳ ሕግ እየጠቀስን ነው።

ዳኛውም ሩቅ አልነበረም። «በሕግ አምላክ!» የተባለ ሰው እግሩን ማንሳት አይችልም፤ በመንገድ የሚያልፍ ሽማግሌ ተለምኖ ዛፍ ሥር ይቀመጥና ሁለቱ በላ ልበልሃ እየተባባሉ፣ እየተወራረዱ ይሟገታሉ። የቅፍለቱን ጠብ ደግሞ የነጋዴዎቹ አለቃ ነጋድራሱ ያየዋል። «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» የሚለው ተረት በዚህ ዓለም ውስጥ እንደ ሕግ አንቀጽ የሚያገለግል ነበር። ቃሉን ያጠፋ ነጋዴ በሚቀጥለው ዓመት ዋስ የሚሆነው ሰው አያገኝም፤ ዋስ የሌለው ነጋዴ ደግሞ ነጋዴ አይደለም።

የተጻፈ ሕግም ቢሆን ጨርሶ አልጠፋም። ፍትሐ ነገሥት ነበር። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ግብፅ ውስጥ በዓረብኛ ተዘጋጅቶ ወደ ግእዝ የተመለሰው ይህ መጽሐፍ ከ51 አንቀጾቹ መካከል ስለ ሽያጭ፣ ስለ ብድር፣ ስለ መያዣ፣ ስለ ዋስትና፣ ስለ ሽርክና የሚናገሩ አሉት። ጎንደር ላይ ሊቃውንቱ ይተረጉሙታል፣ የዙፋን ችሎት ይጠቅሰዋል። የዳባት ገበያ ግን የሚሠራው በግእዝ አይደለም፤ ገበሬውና ነጋዴው የሚያውቁት ዋስን፣ መሐላንና ሽማግሌን ነው።

የድሮውን ሥርዓት የማር ወለላ አድርገን እንዳንስለው ደግሞ አንድ ነገር ልበል። ዋስ የሚያገኘው ዘመድ ያለው ነው። ርስት ያለው ሰው በርስቱ ይታመናል። በጎንደር አካባቢ ርስት እንዳይዙ ተከልክለው የኖሩት ሙስሊም ነጋዴዎችና ቤተ እስራኤሎች የሚታመኑት እርስ በርሳቸው ነበር፤ ስማቸውን ክፉኛ መጠበቅ የነበረባቸውም አንዱ በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። መጻተኛው፣ ባሏ የሞተባት ሴት፣ ጉልበቱን ብቻ የያዘ ጎልማሳ ግን በቁራኛ ሥርዓት ውስጥ ምን ይገጥማቸው እንደነበር መገመት አያቅትም። ድሃን ከወረቀት እጦት በፊት የሰው እጦት ነበር የሚያስጠቃው።

አሁን ከሊማሊሞ ወጣ ብለን አዲስ አበባ እንግባ፤ ወረቀቱ የመጣው ከዚያ ነውና። ጥር 1900 ዓ.ም. ከፈረንሳይ ጋር የተፈረመው፣ በፈረንሳዩ ልዑክ ስም የክሎቡኮቭስኪ ውል የሚባለው ስምምነት ለፈረንሳይ ዜጎች ልዩ የዳኝነት መብት ሰጠ፤ ሌሎች የውጭ ዜጎችም ተከትለው ገቡበት። የነጮቹ ምክንያት አጭር ነበር፦ «አገሪቱ የታወቀ የንግድና የፍትሐ ብሔር ሕግ የላትም፤ ነጋዴያችንን በማናውቀው ሕግ አናስዳኝም።» ስለዚህ የውል ሕግ መጻፍ ለኢትዮጵያ መንግሥት የክብር ጉዳይም ሆነ። በ1925 ዓ.ም. የማኅበሮች ሕግና የኪሳራ ሕግ የወጡት በዚህ መንፈስ ነው። ከነጻነት በኋላ ሥራው ተስፋፋ። የፍትሐ ብሔር ሕጉን እንዲያረቅቅ የፓሪሱ ፕሮፌሰር ሬኔ ዳቪድ፣ የንግድ ሕጉን እንዲያረቅቅ ዣን ኤስካራ ተጠሩ፤ ኤስካራ ሥራውን ሳይጨርስ ሲሞት አልፍሬድ ዦፍሬ ቀጠለ። ሁለቱም ሕጎች ሚያዝያ 27 ቀን 1952 ዓ.ም. ታውጀው ከመስከረም 1 ቀን 1953 ጀምሮ በሥራ ላይ ዋሉ።

3,367 ቁጥሮች ያሉት የፍትሐ ብሔር ሕግ በፈረንሳይኛ ተረቅቆ ወደ አማርኛ የተመለሰ ነው። የሕግ ፋኩልቲ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የተከፈተው በ1956 ዓ.ም. ነው። ልብ በሉ፤ ሕጉ ከሕግ ትምህርት ቤቱ 3 ዓመት ቀድሟል። ዳቪድ በኋላ በጻፈው ላይ አልሸሸገም፦ ሮማውያንና እንግሊዞች ሕጋቸውን በዘመናት ልምድ ቀስ በቀስ ሠሩት፤ ኢትዮጵያ ግን 300 ወይም 500 ዓመት መጠበቅ አትችልም አለ። ይህን አባባል አንዳንድ የሕግ ሰዎቻችን እንደ ስድብ ይወስዱታል። እኔ ብዙም አልፈርድበትም። ጥድፊያው የእርሱ ብቻ ሳይሆን የቤተ መንግሥቱም ነበር፤ ጥድፊያውን የወለደውም ያ የ1900ው ውል ነው። የሚያስቆጨኝ ሌላ ነው። ቁጥር 3347 ሕጉ በሚሸፍናቸው ጉዳዮች ላይ የነበረውን ልማድ ሁሉ በአንድ ዓረፍተ ነገር ሻረው። በበጌምድርና ሰሜን ጠቅላይ ግዛት ገበሬ ዘንድ ግን ዋሱም፣ ሽማግሌውም፣ መሐላውም በማግስቱ እንደነበሩ ነበሩ።

አሁን ወደ መርሆቹ። ቁጥር 1678 ውል እንዲጸና የሚያስፈልጉትን ይዘረዝራል፦ ችሎታ ያላቸው ሰዎች ጉድለት የሌለበት ፈቃድ መስጠታቸው፤ የውሉ ጉዳይ የታወቀ፣ የሚቻልና ሕጋዊ መሆኑ፤ ሕግ የተለየ አጻጻፍ ካዘዘም በዚያ አጻጻፍ መደረጉ። ተማሪ ይህን እንደ ፈረንጅ ዕውቀት ነው የሚያጠናው። ግን እስቲ አስተውሉት። ሰክሮ የተሸጠ በሬ ይመለሳል፤ ዕብድ አይዋዋልም፤ በግድ የተሰጠ ቃል ቃል አይደለም፤ ያልታየ ነገር አይሸጥም፤ ይህን ለሰሜን ሽማግሌ ማስተማር ለቀባሪው ማርዳት ነው። በስህተት፣ በተንኮልና በመገደድ የተሰጠ ፈቃድ ውልን ያፈርሳል የሚሉት ከ1696 ጀምሮ ያሉ ቁጥሮች ለማንም እንግዳ አይደሉም። በሕግ የተቋቋመ ውል ለተዋዋዮቹ እንደ ሕግ ነው የሚለው 1731ም ቢሆን ከ«የተናገሩት ከሚጠፋ» ብዙ አይርቅም። ጠቡ ያለው በመጨረሻው፣ በአጻጻፉ ላይ ነው።

ከዚያ በፊት ግን ልማድ በጓሮ በር የገባባቸውን ቦታዎች ላንሳ፤ ደስ ይላሉና። አንዱ ቀብድ ነው። ገበያ ላይ «ቀብድ ያዝ» የማይል ነጋዴ የለም። በ1885 መሠረት ሌላ ስምምነት ከሌለ ቀብድ ሰጪው ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፤ ተቀባዩ ቢተው እጥፉን ይመልሳል። ገበሬውም ሕጉም አንድ ቋንቋ የሚናገሩበት ቦታ ይሄ ነው። ሁለተኛው ወለድ አገድ ነው። ገንዘብ የቸገረው ገበሬ መሬቱን ለአበዳሪው ይሰጣል፤ አበዳሪው በወለድ ፋንታ ምርቱን እየበላ ይቆያል፤ ዋናው ሲመለስ መሬቱ ይመለሳል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ከ3117 ጀምሮ በዚሁ በአማርኛ ስሙ ደንግጎታል። ከዚያ የካቲት 1967 መጣ፤ የገጠር መሬት የሕዝብ ሆነ፣ መሸጥ መለወጥም ቀረ። ወለድ አገዱ ግን በወረቀት ላይ ኪራይ ወይም እኩል እየተባለ፣ ብዙ ጊዜም ያለ ወረቀት፣ ቀጠለ። በ1995 ዓ.ም. ገደማ የአማራ ክልል የባልና ሚስት ፎቶ ያለበት የይዞታ ደብተር መስጠት ሲጀምር ትልቅ ነገር ሆነ፤ ሚስት ሳታውቅ መሬት አሳልፎ መስጠት ከበደ። በ2016 የወጣው የፌዴራል የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 1324 ደግሞ አርሶ አደሩ የመጠቀም መብቱን ለብድር ዋስትና እንዲያሲዝ በር ከፈተ። ወለድ አገድ 50 ዓመት በጨለማ ኖሮ የአክስቱ ልጅ በአዋጅ መጣ ማለት ይቻላል።

አሁን ወደ ጠቡ። ድሮ የውል ምሰሶ የነበረው ዋስ ነው በአዲሱ ሕግ ክፉኛ የተመታው። በ1922 መሠረት ዋስትና አይገመትም፤ በግልጽ መነገር፣ በጽሑፍ መሆንና ዋሱ እስከ ስንት ብር እንደሚዋስ ማሳየት አለበት፤ ከፍተኛው መጠን ካልተጠቀሰ ዋስትናው ዋጋ የለውም። የሕጉ ዓላማ መልካም ነው። ጠላ ቤት «እኔ አለሁለት» ያለ ሰው በዚያች ቃል ቤቱ እንዳይሸጥበት ይጠብቀዋል። ቁራኛን ለሚያስታውስ አገር ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ግን ተቃራኒውንም እዩ። ገንዘቡን የሰጠው ሰው ያመነው ተበዳሪውን ሳይሆን ዋሱን ነበር፤ «አለሁለት» ባይባል ኖሮ አይሰጥም ነበር። ፍርድ ቤት ሲደርስ ያ የታመነ ሰው በአንቀጽ ተሸፍኖ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

ሌላው ፊርማ ነው። በ1727 መሠረት በጽሑፍ እንዲሆን የታዘዘ ውል ተዋዋዮቹ ፈርመውበት በሁለት ምስክሮች ይረጋገጣል። 1728 ደግሞ ማየት የተሳነው ወይም ማንበብ የማይችል ሰው የጣት ምልክት የሚያስገድደው ውል አዋዋይ፣ የፍርድ ቤት ሬጅስትራር ወይም ዳኛ በሥራው ላይ ሆኖ ካረጋገጠው ነው ይላል። እንዴት ያለ ጥሩ አንቀጽ ነው! አንድ ብልጥ የከተማ ሰው ማንበብ የማትችልን እናት «እዚህ ጋ ጣትሽን» ብሎ እንዳይዘርፋት የተጻፈ ነው። ነገር ግን ያቺው እናት አበዳሪ ብትሆንስ? ማንበብ ለማይችል ጎረቤቷ የድካሟን ገንዘብ አበድራ፣ ወረቀት አጽፋ፣ ጣቱን አስደግፋ፣ ሳጥን ውስጥ ያኖረችው ሰነድ ከችሎት ፊት ይወድቃል። ከጠለምትና ከጃናሞራ ቀበሌዎች እስከ ሬጅስትራሩ ቢሮ ያለው በእግር የሚያዘግም መንገድ ለአርቃቂው ፓሪስ ላይ የታየው አይመስለኝም።

ቤት ሽያጭ ላይም ተመሳሳይ ነገር ሆኗል። 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ ፍርድ ቤት ወይም ውል አዋዋይ ፊት እንዲሆን ያዛል። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት፣ ውሳኔው የበታች ፍርድ ቤቶችን የሚያስገድደው ችሎት፣ በመዝገብ ቁጥር 21448 ይህን አጥብቆ ተረጎመው፤ በዚያ አኳኋን ያልተደረገ የቤት ሽያጭ እንደ ረቂቅ ነው የሚቆጠረው። የሕግ ምሁራን ብዙ ተከራከሩበት፤ ዋጋው ሲወደድ ሻጭ የራሱን ፊርማ ለመካድ በር ይከፍታል ብለው ተቹት። ደባርቅ ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ የዞን ከተማ ሆና፣ ዩኒቨርሲቲ ተከፍቶባት የቦታ ዋጋ ሲንር በሁለት ሽማግሌ ፊት በብጣሽ ወረቀት ቤት የገዛ ሰው ይህን መዝገብ ቁጥር ማወቅ ይኖርበታል።

የንግዱን ዓለም በአጭሩ ልንካ። የ1952ቱ የንግድ ሕግ ስለ ነጋዴ፣ ስለ ማኅበራትና ስለ ኪሳራ የሚናገሩት ክፍሎቹ በ1243/2013 አዋጅ ተተክተዋል፤ ዛሬ አንድ ሰው ብቻውን ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ማቋቋም ይችላል። ስለ ቼክ የሚናገረው ክፍል ግን የድሮው ነው። እዚህ ላይ የወጣት ነጋዴዎችን ቤት የሚያፈርስ አንድ ነገር አለ። «ለዋስትና ያዝልኝ፣ ቀኑ ሲደርስ ትመነዝረዋለህ» ተብሎ የሚሰጥ ቼክ። በ854 መሠረት ቼክ እንደታየ የሚከፈል ሰነድ ነው፤ የወደፊት ቀን ቢጻፍበትም ባንክ በቀረበበት ዕለት ይከፈላል። ሒሳቡ ባዶ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ከፍትሐ ብሔር ወጥቶ ወንጀል ይሆናል፤ የወንጀል ሕጉ ቁጥር 693። የድሮው ነጋዴ ለዋስትና ሰው ያቆም ነበር፤ የዛሬው ነጋዴ በማያውቀው ሰነድ ራሱን እያስያዘ ነው። አዲሱ ቁራኛ እንበለው?

የሚገርመው፣ ወረቀት ብቻውን እንደማይበቃ ቀድመው የገባቸው አበዳሪዎቹ ናቸው። የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም (አብቁተ)፣ ከ2014 ጀምሮ ጸደይ ባንክ የሆነው፣ ንብረት ለሌለው ገበሬ ያበደረው ሰዎቹን በቡድን እያደረገ አንዱን ለሌላው ዋስ በማድረግ ነው። አንዱ ካልከፈለ የቡድኑ አባላት ይጠየቃሉ። ይህ የሊማሊሞ ነጋዴ ሥርዓት ነው፤ ልዩነቱ አሁን ተጽፎ መፈረሙ ብቻ ነው። ልማዱን ሳይሽሩ ወደ ሕጉ ቅርጽ ማስገባት ይቻል እንደነበር ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም።

ጦርነቱን ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። ጥቅምት 2013 የጀመረው ጦርነት በዚያው ዓመት ክረምት በአዲ አርቃይና በዛሪማ አቅጣጫ ተሻግሮ ወደ ደባርቅና ዳባት ተጠጋ። ነሐሴ ማብቂያ ላይ በዳባት ወረዳ ጭና የሆነውን የዚህ ቻናል አንባቢ ያውቀዋል። ለሟቾቹ የሚሆን የውል አንቀጽ የለም። በሕይወት የተረፈው ግን እህሉ ተዘርፎ፣ ከብቱ ታርዶ፣ ዕዳው አልቀረለትም። ከዚያ ቀደም ብሎ ኮሮና የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክን ጎብኚ አሳጥቶት ነበር። ደባርቅ ላይ በቅሎ የሚያከራየው፣ አስጎብኚው፣ ምግብ አብሳዩ፣ ጠባቂው ሁሉ ኑሯቸው በውል ነው፤ ለመጪው ወቅት ቀብድ ተቀብለው የነበሩም ነበሩባቸው።

ሕጉ ምን ይላል? 1792 ባለዕዳው ሊገምተው የማይችልና ግዴታውን እንዳይፈጽም ፈጽሞ የሚከለክል ነገር ሲደርስ ከዐቅም በላይ የሆነ ኃይል ነው ይላል። 1793 በምሳሌነት የመንግሥት ክልከላን፣ የመሬት መንቀጥቀጥን፣ ጎርፍን፣ ጦርነትን፣ የእርስ በርስ ጦርነትንም ጭምር ይጠቅሳል። ስለዚህ በ2012 ውል ገብቶ በ2013 ክረምት ጦርነት የደረሰበት ሰው የሚያቀርበው ክርክር አለው። ሁለት ወጥመዶች ግን አሉ። አንደኛው፣ ነገሩ «ከበደኝ» ማለት አይበቃም፤ የማይቻል መሆን አለበት። 1794 የዕቃ መወደድን በግልጽ ከዚህ ያወጣዋል፤ የሲሚንቶ ዋጋ ሦስት እጥፍ ሆነብኝ የሚል ሥራ ተቋራጭ በዚህ አንቀጽ አይድንም። ሁለተኛው የባሰ ነው፤ ነገሩ ያልተገመተ መሆን አለበት። ከ2015 ማብቂያ ጀምሮ ክልሉ እንደገና ግጭት ውስጥ ነው። ዛሬ ዳባት ላይ ተቀምጦ ከጎንደር ዕቃ በዚህ ቀን አደርሳለሁ ብሎ የሚፈርም ሰው፣ መንገዱ ሲዘጋ «አልገመትኩም» ቢል ዳኛው ምን ብሎ ይቀበለዋል? ጦርነት ሲለመድ ከሕጉ ሽፋን ይወጣል። ለዚህ መድኃኒቱ በውሉ ውስጥ ራሱን አንድ መስመር መጻፍ ነው፦ መንገድ በጸጥታ ምክንያት ከተዘጋ የማድረሻው ጊዜ በተዘጋው ቀን ልክ ይራዘማል፣ ቀብዱም እንዲህ ይሆናል፣ ብሎ። ሕጉ ተዋዋዮች ይህን በነጻ እንዲወስኑ ይፈቅዳል፤ ስንቶቻችን እንጽፈዋለን?

በ2472 ላይ ያለችውን 500 ብር መቀየር ትልቅ ጥናት የሚጠይቅ አይመስለኝም። የንግድ ሕጉ ሲከለስ ብዙ ባለሙያ ተሰብስቦ ለዓመታት ሠርቷል፤ ይህ ግን የአንዲት አኃዝ ጉዳይ ናት። እስከዚያው ግን የምታበድሩ ሰዎች ስሙን፣ መጠኑን፣ የሚመለስበትን ቀን በአንድ ገጽ ጽፋችሁ፣ ሁለት ምስክር አስፈርሙ። ተበዳሪው ማንበብ ካልቻለ ወረቀቱን ይዛችሁ አብራችሁ ፍርድ ቤት ሂዱ። ዋስ ካለ እርሱም ይፈርም፣ እስከ ስንት ብር እንደሚዋስም ይጻፍ። ወለዱም በዓመት ከ12 በመቶ አይለፍ፤ 2479 አይፈቅድም። በባንክ አስተላልፌያለሁ ብላችሁ አትዘናጉ፤ ደረሰኙ ገንዘቡ መሄዱን እንጂ ብድር መሆኑን በራሱ አይናገርም፤ ስጦታ ነው፣ የቆየ ዕዳ ክፍያ ነው የሚል መልስ ሊመጣባችሁ ይችላል።

በስልክ የተላከ መልእክት እንደ ጽሑፍ ይቆጠራል ወይ ብሎ የሚጠይቅም አለ። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 አንድ መልእክት ኤሌክትሮኒክ በመሆኑ ብቻ ሕጋዊ ውጤት እንዳይነፈገው ደንግጓል። በሊማሊሞ አፋፍ ለሚኖር ሰው በእግር ሬጅስትራር ፍለጋ ከመሄድ የሚያድን መንገድ ይመስል ነበር። አዋጁ ከወጣ 3 ዓመት እንዳለፈው ግን ነሐሴ 2015 በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ ለወራትም ተዘግቶ ከረመ።